የስፌት ቤቱ ክርስትና እናት

በቀኑ የሚያስረክብ ሰው በምን ይታወቃል? በሱቁ ስፋት ነው? በአነጋገሩ ነው? ወይስ ሌላው ስለ እሱ በሚያወራው? ዙሌማ ፖማ ይህን ጥያቄ ከእናቷ አልጋ አጠገብ ተቀብላ ከዋንካዮ ተራሮች ስትወርድ መልስ አልነበራትም። ሊማ ደርሳ ከአውቶቡሱ ስትወርድ፣ የጃንዋሪ ሙቀት ገና በማለዳው ፊቷን ሲመታትም አሁንም አልነበራትም። እናቷ እግሯ ካበጠ ወዲህ ለልብስ ሱቋ ዕቃ ለማምጣት ወደ ዋና ከተማው መውረድ አቁማለች። «ሸሚዙን ሁሉም ያሳምረዋል፤ አንቺ ሰውየውን እዪው» ነበር ያለቻት። ሰውየው እንዴት እንደሚታይ ግን አልነገረቻትም። ዙሌማ ፖላንድ ድረስ ሄዳ ስለ ጨርቅ ተምራ ተመልሳለች፤ የትኛው ቀለም በየትኛው ሳሙና እንደሚለቅ፣ የትኛው ድር ከስንት እጥበት በኋላ እንደሚሳሳ ታውቃለች። ከተመለሰች ወዲህ በሻንጣዋ ያለውን ሙሉ በሙሉ አላወጣችውም፤ እቆያለሁ ወይስ እሄዳለሁ የሚለውን ለራሷም አልመለሰችም።

ያለፈው ዓመት ነገር ከቤታቸው አልወጣም። የያኔው አስረካቢ ትሑት፣ አንገቱን ደፍቶ የሚናገር፣ በየሳምንቱ እየደወለ «ደርሷል፣ እየተተኮሰ ነው» የሚል ሰው ነበር። የተማሪዎቹ የደንብ ልብስ የመጣው ትምህርት ቤቱ ከተከፈተ በኋላ ነው። ወላጆች ሱቁን ሞሉት። አንዷ እናት የልጇን እጅ ይዛ ገብታ፣ ሳትጮህ፣ «ልጄ በቤት ልብስ ከሰልፉ ጫፍ ብቻዋን ስትቆም አይቻታለሁ» ብቻ ብላ ወጣች፤ ከሌሎቹ ስድብ ሁሉ የዙሌማን እናት የሰበራት ይሄ ነው። የወላጆች ኮሚቴው በብዙ ልመና አንድ ዓመት ጨመረላቸው። ስድስት መቶ ሙሉ ልብስ፦ ሸሚዝ፣ ሱሪ ወይም ጉርድ፣ ቀይ ሹራብ። በማርች የመጀመሪያ ሰኞ ልጆቹ ለብሰው ካልተሰለፉ ሥራው ለማዶው ሱቅ ይሰጣል፤ እናቷም ዙሌማ ሳትወለድ ጀምሮ የኖረችበትን ሱቅ ትዘጋለች። ሌላ የሚያኖራቸው ነገር የለም።

የእናቷ ታናሽ እህት ዶሚቲላ መናኸሪያው በር ላይ ትጠብቃት ነበር። አጭር፣ ፈጣን፣ ሲስሟት እንኳ ዓይኗ ሌላ ቦታ የሚያይ ሴት ናት። «ቀጠንሽ! እዚያ አገር በረዶ ነው እንዴ የሚያበሏችሁ?» አለችና ቦርሳዋን ነጥቃ ወደፊት ቀደመች። ቤቷ ከጋማራ የልብስ ገበያ ጀርባ ነው፤ አንድ ክፍል፣ ከጎረቤት የሚለየው ግድግዳ ስስ ስለሆነ የሰው ሳል እንደ ራስ ሳል ይሰማል። ሁለት አልጋ አለ። አንዱ የዶሚቲላ ነው። ሌላው የልጇ የኤዲሉስ ነበር፤ አሁን የልብስ ቁልፍና የዚፕ ካርቶኖች እስከ ግድግዳው አጋማሽ ተደርድረውበታል። ዶሚቲላ ገበያው ውስጥ ክርና ቁልፍ የምትሸጥባት ጠባብ ቦታ አላት፤ ዕቃዋን እቤት ታሳድራለች። ዙሌማ የምትቀመጥበት አጥታ ከካርቶኖቹ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ከሥር ትራሱ አሁንም አለ፤ ጥግ ጥጉ ተጨፍልቆ ይታያል።

«ኤዲሉስ የት አለች?»

«ሥራ ላይ ናታ። ወቅቱ እኮ ነው።»

«በዚህ ማለዳ?»

«እዚያው ታድራለች። መሳፈሪያ ትቆጥባለች፣ ምሳም እዚያው ነው።» አክስቷ እንቁላሉን ገለበጠችና ምጣዱን ከሚገባው በላይ ፋቀችው። «ብዪ፣ ዳቦው ይቀዘቅዛል።»

ዙሌማ የአክስቷን ልጅ ለመጨረሻ ጊዜ ያየቻት ወደ ፖላንድ ከመሄዷ በፊት ነው፤ ያኔ ኤዲሉስ ጥርሷን ሳትከድን የምትስቅ፣ ሰው ሲያወራ አፉን እያየች የምትደግም ሕጻን ነበረች። ስለ እሷ ሌላ ልትጠይቅ ፈልጋ የአክስቷን ጀርባ አየች። ጀርባው አይዞርም። ዳቦውን በአቮካዶ በላች፣ ትኩሱን የቅጠል ሻይ ጠጣች፣ ሁለቱም ስለ መንገዱ ናዳ አወሩ። ዝናቡ ዘንድሮ ከብዷል፤ የዋንካዮ መንገድ በማንኛውም ቀን ሊዘጋ ይችላል፤ ስለዚህ ዕቃው ከቀኑ ቀደም ብሎ መነሳት አለበት። ስለ ናዳ ማውራት ለሁለቱም ቀለላቸው።

መጀመሪያ የሄዱት ሰፈሩ «ዶኛ»፣ እመቤት፣ ብሎ ወደሚጠራት ወደ ኤውፍራሲያ ነው። ስፌት ቤቷ ምድር ቤት፣ በሩ መንገዱ ላይ የተከፈተ፣ የስፌት መኪናዎቹ እስከ ደፉ የተደረደሩበት ነው፤ አላፊው ሁሉ አንገቱን አስገብቶ ሰላም ይላል፣ ሬዲዮው ይጮኻል፣ ሰፊዎቹ ደግሞ ከሬዲዮው በላይ ይጮኻሉ። ዙሌማ ስትገባ አንዱ ከመኪናው ቀና ብሎ «ዶኛ ኤውፍራሲያ፣ ፈረንጅ መጣችልሽ!» አለ። ፀጉሯን አጭር ተቆርጣለች፣ ሸራ ጫማ አድርጋለች፤ ለዚህ ቤት ይህ በቂ ነው።

«ፈረንጅ አይደለሁም፣ የዋንካዮ ልጅ ነኝ» አለች ዙሌማ።

«እሱማ ጉንጭሽ ላይ ተጽፏል» አለች ኤውፍራሲያ። ደረቷ ላይ የተሰካኩ መርፌዎች ያሏት ግዙፍ ሴት ናት። «ብርዱ ያቀላው ጉንጭ ሊማ አይሸጥም። በይ ተቀመጪ፣ ምን ልስጥሽ?»

ሸሚዙን አሳየቻት። ዙሌማ ውስጡን ገለበጠችው፣ ብብቱን በሁለት እጇ ሳበችው፣ ኮሌታውን አጠፈችው። ጥሩ ነበር። ዋጋው ለሙሉ ልብስ ስልሳ ሁለት ሶል፤ ውድ ነው፣ ግን የማይሆን አይደለም። ብዛቱንና ቀኑን ስትነግራት ኤውፍራሲያ ከንፈሯን ወደፊት አሞጠሞጠች።

«አራት መቶውን በቀኑ ውሰጂ። ሁለት መቶው በማርች አጋማሽ።»

«እናት፣ ሁሉንም ነው የምፈልገው። ሁለት መቶ ልጅ ያለ ልብስ ላሰልፍ ነው?»

«ውሸት ከፈለግሽ፣ ደንበኛዬ፣ ኮሪደሩ ላይ በነጻ ያድሉሻል። እኔ ያሉኝን ሰዎች አየሻቸው። ማታ ደግሞ እያንዳንዱ ቤቱ ይገባል።» ወደ ሰፊዎቹ ዞረች። «ሮጦ ነው የሚገባው፣ አንዱም ቆሞ ደህና እደሪ አይለኝም።»

«አንቺን እያየን ማደሩ ነው የቀረን!» አለ ያ ፈረንጅ ያላት ሰው፣ ቤቱም ሳቀ። ዙሌማም ሳቀች፤ ከተመለሰች ወዲህ እንዲህ ሳይታሰባት ስትስቅ ይሄ የመጀመሪያዋ ሳይሆን አይቀርም። ዶሚቲላ ግን አልሳቀችም። ከወጡ በኋላ፣ ጎታቾቹ «ግቢ እመቤት፣ እዚህ ነው፣ ጅምላ ነው፣ ፋብሪካ ነው» እያሉ እጃቸውን ሲይዟቸው እያስለቀቀች፣ «እንዲህ ነው የምልሽ» አለች። «ቀልድ አለ፣ ልብስ የለም። ዘንድሮ በቀልድ ነው እናትሽን የምታድኚያት?»

ዙሌማ ትእዛዙን ለሁለት አስረካቢ ስለ መክፈል አሰበች። ችግሩ ሹራቡ ነው። ቀይ ቀለም ከአንድ ማቅለሚያ በርሜል ካልወጣ ጎን ለጎን ሲቆም ይለያል፤ ወላጆች ደግሞ እንዲህ ያለውን ከሩቅ ያዩታል፣ ኮሚቴውም ያንን የሚጠብቅ ይመስላል። ጨርቁን ራሷ በአንድ ጊዜ ገዝታ ለሁለት ልታድለው ግን ትችላለች። ይህ ሐሳብ መጣላት፣ ጥሩ ሐሳብ እንደሆነም አወቀች፣ ግን ለአክስቷ አልተናገረችውም፤ ዶሚቲላ ቀድማት የትልቁን ሕንጻ ደረጃ መውጣት ጀምራ ነበር።

በዚህ ሕንጻ ውስጥ ያለው ሌላው አስረካቢ ዶን ቴዎዶሲዮ ዘንድ ከመድረሳቸው በፊት ዙሌማ ስለ እሱ የጠየቀቻቸው ሁሉ አንድ ቃል ተናገሩ። ዚፕ ሻጩ፣ ጨርቅ ጫኙ፣ የላስቲክ ከረጢት ሻጯ፣ ሁሉም። «እሱ? ፀሐይ ትዘገይ እንደሆነ እንጂ እሱ አይዘገይም!» «ባለፈው የሥራ ማቆም አድማ ጊዜ መንገዱ ሁሉ ተዘግቶ በጀርባ አሸክሞ ያስረከበ ሰው ነው።» ይህን ሲናገሩ ግን እንደ ኤውፍራሲያ ሰዎች አይስቁም። ዙሌማ እጇን ልትታጠብ ወደ መጸዳጃው ስትሄድ ሁለት ሴቶች ከደረጃው ሥር ተቀምጠው ሩዝ ይበሉ ነበር።

«ሌላ አገኘ?» አለች አንደኛዋ።

«አገኘ። ከአገር ቤት የመጣች ናት፣ የተማረች።»

«ላይኛውን ፎቅ አይታዋለች?»

«ገና።»

«ያቺኛዋ እንኳ አይታ ነው ራሴን አመመኝ ያለችው» አለችና ከሩዙ ውስጥ አጥንት አንስታ መጠጠች። ዙሌማን ሲያዩ ሁለቱም ሳህናቸው ላይ አቀረቀሩ። እሷም ስለ ማን እንደሚያወሩ አላወቀችም፤ ወይም ገና ማወቅ አልጀመረችም።

ዶን ቴዎዶሲዮ ትንሽ ሰው ነው፤ ንጹሕ ነጭ ሸሚዝ፣ ለስላሳ ድምፅ፣ ከማንም በፊት የሚነሳ፣ ከማንም በኋላ የሚቀመጥ። ወንበር ጠርጎ ሰጣት፤ ቀዝቃዛ ለስላሳ አስመጣላት። «የፖማ ልጅ! አባትሽ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ከእኔ ሸሚዝ ይገዛ ነበር። የአንገቱ ልክ አርባ አንድ ነው፤ ግን ሠላሳ ዘጠኝ ስጠኝ ይለኝ ነበር። ኩራተኛ ሰው።» እውነት ነበር። አባቷ ሸሚዙ አንቆት ፊቱ ቀልቶ ቤተ ክርስቲያን ሲቀመጥ ዙሌማ ታስታውሳለች፤ በሌላ ቀን ቢሆን ይህ ያስለቅሳት ነበር። አሁን ግን የሞተ ሰው አንገት ልክ በዚህ ለስላሳ ድምፅ ሲነገር ወንበሯን ትንሽ ወደ ኋላ ሳበች።

ዋጋው ሃምሳ አራት ሶል ነው። ስድስት መቶውም ከአንድ በርሜል በወጣ ቀይ፣ በፌብሩዋሪ ማብቂያ፣ ከናዳው በፊት፣ ዋንካዮ ሱቁ ደጃፍ ድረስ። ናሙናው ከኤውፍራሲያው አያንስም። ዙሌማ ስፌቱን እየፈተሸች እንከን ፈለገች፤ አንድም ዝላይ፣ አንድም የተንጠለጠለ ክር አጣች።

«እንዴት ነው የሚደርሰው?» አለች። «በዚህ ወቅት ሰው አይገኝም ይላሉ።»

«ሰው ሳይሆን ሥርዓት ነው የሚደርሰው» አለ ፈገግ ብሎ። ከዚያ እንደ ድንገት ትዝ ያለው መስሎ ግንባሩን ነካ። «ይልቅ እግዚአብሔር ነው የላከሽ። ዛሬ ላይኛው ፎቅ አዲሱን ስፌት ቤት ልናስመርቅ ነው፤ የክርስትና እናት የምትሆነው ሴትዮ ራሷን አሟት ቀረች። አንቺ ብትሆኚልን? የተማረች፣ የአገር ልጅ፣ የዶሚቲላ የእህት ልጅ። ልጆቹ እንዴት ደስ ይላቸው!»

ዙሌማ አክስቷን አየች። ዶሚቲላ የለስላሳውን ጠርሙስ ቆርኪ በጣቷ እያሽከረከረች ነበር።

በዚህ ገበያ አዲስ ቤት፣ አዲስ መኪና፣ አዲስ ስፌት ቤት ያለ ክርስትና እናት አይከፈትም። ከበሩ ጉበን በጥብጣብ የተንጠለጠለውን ጠርሙስ በመዶሻ የሰበረች ሴት ከባለቤቱ ጋር አበልጅ ትሆናለች። አበልጅ ለአበልጁ ወረፋውን ያስቀድማል፣ ዋጋውን ይቀንሳል፣ ቀኑን ይጠብቃል፤ በአንጻሩም አበልጅ አበልጁን በሰው ፊት አያሳጣም፣ ቤቱን አይሰልልም፣ ለፖሊስ አይናገርም። ዙሌማ ይህን በልጅነቷ ታውቀው ነበር። ውጭ አገር ግን እንደ አንድ የሚያምር ልማድ አድርጋ ለጓደኞቿ ስትተርከው፣ ስለ ጠርሙሱና ስለ ጥብጣቡ ብቻ ስትናገር፣ ክብደቱ ከእጇ ጠፍቶ ኖሯል። እምቢ ብትል ሃምሳ አራቱ ሶል እንደሚነሳ፣ ቀኑም እንደሚነሳ ማንም አልነገራትም። ማንም መናገር አላስፈለገውም። «ደስ ይለኛል፣ ዶን ቴዎዶሲዮ» አለች።

ስፌት ቤቱ ከሕንጻው ጣሪያ ላይ፣ በጣውላና በቆርቆሮ የተሠራ ክፍል ነው። ፀሐይ ስታርፍበት ቆርቆሮው ይንጣጣል። መስኮት የሚሆኑት ቦታዎች ሁሉ በጣውላ ተመትተዋል፤ «አቧራ ጨርቁን እንዳያበላሽ» አለ ቴዎዶሲዮ ሳትጠይቀው። በሩ ብረት ነው። አዳዲሶቹ መኪናዎች ቀይ ጥብጣብ ታስሮላቸው በሁለት ረድፍ ቆመዋል፤ በመካከላቸው የሚያልፈው ሰው ጎኑን ማዞር አለበት። ከኋላ፣ ከጨርቅ ጥቅሎቹ በስተጀርባ፣ ተጠቅልለው የታሰሩ ፍራሾች አየች። ሴቶቹ ሰማያዊ ሽርጥ ለብሰው በግድግዳው ተሰልፈዋል፤ ፊታቸው ላብ እንጂ ሌላ ነገር አይታይበትም። የበሩ መቆለፊያ ከውጭ በኩል ነው፤ ትልቅ ጓጉንቸር ተከፍቶ ከቀለበቱ ላይ ተንጠልጥሏል። ከውስጥ በኩል እጀታ እንኳ የለም፤ ልሙጥ ብረት ነው።

«ይሄ ለምንድነው?» አለች ዙሌማ። ድምፅዋ ከፈለገችው በላይ ጮኸ።

«ለሌባ ነው የኔ እመቤት። መኪኖቹን አየሻቸው፣ ስንት ገንዘብ ናቸው።»

«ሰዎቹ ውስጥ እያሉም?»

ቴዎዶሲዮ ወደ እንግዶቹ ዞሮ እጁን ዘረጋ። «አውሮፓ ሌባ የለም መሰለኝ!» አለ። እንግዶቹ፣ ጨርቅ ሻጮቹና የሕንጻው ጠባቂ፣ ሳቁ። ከሴቶቹ ግን ማንም አልሳቀም። ዶሚቲላ የዙሌማን ክርን ቆነጠጠችና «ሰው ደጅ ነው ያለሽው» አለቻት በጥርሷ መካከል።

ከዚያ ኤዲሉስ ከረድፉ ወጥታ ልትስማት መጣች። ሕጻኗን ስትፈልግ የነበረችው ዙሌማ መጀመሪያ አላወቀቻትም፤ ረዥም፣ ከሳ ያለች ልጅ ናት፣ ከዓይኗ ሥር ጠቁሯል። አቀፈቻት። የስፌት መኪና ዘይትና የላብ ሽታ ነበራት። ኤዲሉስ ግራ ጉንጯን ሳመቻት፣ ቀኙን ሳመቻት፤ ጆሮዋ አጠገብ ስትደርስ ከንፈሯን ሳታንቀሳቅስ ማለት ይቻላል፣ «እባክሽ ብዙ አትዘዢ» አለቻት። ተመልሳም በቦታዋ ቆመች፤ እናቷን አላየችም፤ እናቷም አላየቻትም።

መዶሻው ትንሽ ነው፣ እጀታው ላይ ነጭ ጥብጣብ ተጠምጥሟል። አንድ ሽማግሌ ጸሎት አደረሰ። ዙሌማ ከበሩ ፊት ቆማ መዶሻውን ስትቀበል ልታስቀምጠው ትችል ነበር። ራሴን አመመኝ ማለት ትችል ነበር፤ ሌላዋ ብላዋለች። በሐሳቧ ግን እናቷ እግሯን በትራስ ላይ ሰቅላ ስልኩን ስትጠብቅ አየች፣ ከሰልፉ ጫፍ የቆመችውን የማታውቃትን ልጅም አየች። መታችው። ጠርሙሱ አልተሰበረም፤ ተወዛውዞ የበሩን ብረት ደወለው። «ኧረ ጠንከር!» አለ አንዱ። በሁለተኛው ተሰበረ፤ አረፋው በእጅጌዋ ገብቶ እስከ ክርኗ ወረደ፣ እንግዶቹ አጨበጨቡ፣ ቴዎዶሲዮ ሁለት ጉንጯን ስሞ «አበልጄ» አላት።

ሩዝና ዶሮ ቀረበ። ቢራው እንደ ደንቡ በአንድ ብርጭቆ ዞረ፤ እያንዳንዱ ጠጥቶ የቀረውን አረፋ ወለሉ ላይ አራግፎ ለሚቀጥለው ይሰጣል። ሴቶቹ ሳህናቸውን ይዘው በየስፌት መኪናቸው ፊት ተቀምጠው በሉ። ከዚያ ቴዎዶሲዮ፣ እንደ ተራ ወግ፣ «እንግዲህ ስንት እንበል አበልጄ?» አለ። ሁሉም ይሰማል። ሴቶቹ ማኘካቸውን ያቆሙ መሰላት። አራት መቶ ለኤውፍራሲያ፣ ሁለት መቶ ለዚህ፣ ጨርቁን እኔው እገዛለሁ፤ ቃሉ ተዘጋጅቶ ከምላሷ ሥር ነበር። ማለት የሚያስፈልጋት ይህን ብቻ ነው። ግን በስፌት ቤቱ ምረቃ ቀን፣ ጠርሙሱ ገና ወለሉ ላይ እንደ ረጠበ፣ ለሌላ ማካፈል ስድብ ነው፤ ደግሞም አንድ ሰው፣ ይህ አንድ ሰው ብቻ፣ በቀኑ እንደሚያስረክብ እርግጠኛ ናት። ኤዲሉስን ላለማየት የሹራቡን ናሙና አየች።

«ስድስት መቶ» አለች።

ደረጃውን ገና ሳይጨርሱ የስፌት መኪናዎቹ ሲነሱ ሰማች፤ አንዱ፣ ከዚያ ሌላው፣ ከዚያ ሁሉም ባንድ ላይ። ከዚያ የበሩ ብረት ሲሳብና ሲቆለፍ። ዙሌማ አልዞረችም፤ ዶሚቲላም እንደዚያው። እስከ መናኸሪያው ድረስ በእግር ሄዱ። በመንገዱ ላይ ዶሚቲላ ስለ ኤውፍራሲያ ውፍረት አንድ ነገር ጀምራ ተወችው።

«አክስቴ፣ ታውቂያለሽ አይደል?» አለች ዙሌማ በመጨረሻ።

«ምኑን?»

«በሩን።»

ዶሚቲላ ቆመች። ከጎናቸው የልጆች ቱታ የሚሸጥ ሰው ዋጋውን እየዘመረ ነበር። «ያቺን የቁልፍ መሸጫዬን ከዚህ ሰውዬ ሌላ ማን ሰጠኝ መሰለሽ? ባሌ ሲሄድ ማን የቤት ኪራይ ከፈለልኝ? እናትሽ ነች? አንቺ ነሽ ከበረዶ አገር የላክሽልኝ?» ድምፅዋ ወረደ። «ወቅቱ ሲያልቅ ትወጣለች። ዓምናም ወጥታለች።» ከዚያ፣ ዙሌማን ለመጀመሪያ ጊዜ በቀጥታ አይታ፣ «ደግሞ ምን ትጠይቂኛለሽ? ጠርሙሱን ከመምታትሽ በፊት አይተሽው አልነበረም?» አለች።

ዙሌማ ወደ መናኸሪያው መራመድ ቀጠለች። አውቶቡሱ ሊነሳ ሲል የኤዲሉስን ስልክ ቁጥር ጠየቀቻት። ዶሚቲላ ሰጠቻት፤ ቁጥሩን በቃሏ ስትል መሃል ላይ አንድ ጊዜ ተሳሳተች፣ አርማ ደገመችው። «ብዙ አታነሳም» አለች። ተሳሳሙ። የአክስቷ ጉንጭ እርጥብ ነበር፤ ሙቀቱም ሊሆን ይችላል።

አውቶቡሱ ከተማውን ለቆ ወደ ተራራው ሲዞር ዙሌማ ስልኳን አውጥታ ጻፈች፦ «ኤዲሉስ፣ ሱቃችን ሰው ያስፈልገዋል። ክፍል አለን። መሳፈሪያውን እልክልሻለሁ። ነይ።» አነበበችው። ልጅቷ አሁን ብትወጣ፣ እሷን አይታ ሌላዋም ብትወጣ፣ ቴዎዶሲዮ ማን እንደጠራት ቢጠይቅ፣ ስድስት መቶው ምን ይሆናል? ጥቂት ሳምንት ነው፤ ዓምናም ወጥታለች። ጽሑፉን አልደመሰሰችውም፣ አልላከችውምም። ልብሱ ከደረሰ በኋላ እልከዋለሁ አለች፤ ለራሷ ስትለው ምክንያታዊ መሰላት። እናቷ ስትደውልላት «አገኘሁት» አለቻት። «የሚታመን ሰው ነው።» እናቷ በስልኩ ውስጥ በረዥሙ ተነፈሰች፤ ዙሌማ ያንን ትንፋሽ ከሰማች ዓመት ሊሞላት ነው።

ልብሱ ከቀኑ ቀድሞ ደረሰ። መንገዱ በናዳ የተዘጋው ጭነቱ ካለፈ በኋላ ነው፤ የማዶው ሱቅ ዕቃ ተራራው ማዶ ቀረ። እናቷ በትራስ ተደግፋ ሹራቦቹን አንድ በአንድ ጭኗ ላይ እያነሳች ዳሰሰቻቸው፣ ቀያቸውን በመስኮቱ ብርሃን አየች፣ ልታመሰግን ስትደውል ቴዎዶሲዮ በመጀመሪያው ጥሪ አነሳ። «አበልጄን ሰላም በዪልኝ» አለ፣ ድምፁ ክፍሉን ሞላው። ዶሚቲላ ግን ከሳምንት ወዲህ ስልክ አታነሳም፤ የክሯ መሸጫም ተዘግቷል ብሎ የጭነቱ ሹፌር ነግሯቸዋል፣ ለምን እንደሆነ አያውቅም፣ «ጣሪያው ላይ ያለው ስፌት ቤት አንድ አደጋ ደርሶ ነበር አሉ» ብሎ የተፈረመለትን ወረቀት ይዞ ሄደ።

ዙሌማ ወደ ጓሮ ወጣች። ዝናቡ በቆርቆሮው ክፈፍ ሥር ይንጠባጠባል። በስልኳ ውስጥ የቆየውን ጽሑፍ አገኘችው፣ አንድም ቃል ሳትለውጥ ላከችው፣ ከዚያ በታች ደግሞ ጨመረችበት፦ «ልብሱ ደርሷል። አንቺስ?»

እናቷ ከውስጥ ጠራቻት። ዙሌማ ስልኩን በመዳፏ ይዛ ቆመች፤ መስታወቱ ደበዘዘ፣ በጣቷ ነክታ አበራችው፣ እንደገና ደበዘዘ። በማርች የመጀመሪያ ሰኞ ልጆቹ በቀይ ሹራብ ተሰለፉ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ዓይነት ቀይ። መልስ አልመጣም።